ጋሽ ሰይድ አሸዋ አልሞሉም

ስልኩ የመጣልኝ ሰበታ፣ መጋዘን ውስጥ የገባ ካርቶን ስቆጥር ነው። የደወለው ማስተር ቶሌራ ነበር፤ ቡራዩ ያለው የቴኳንዶ ክለባችን አሠልጣኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣

«ሰምተሃል? እኚያ ሰውዬ ሞቱ አሉ» አለኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«እኚያ የቡጢ ከረጢቱን አሸዋ ሞልተው የቦንቱን እግር የሰበሩት። ሱሉልታ ልጃቸው ቤት ነበሩ አሉ፤ ትናንት ተቀብረዋል።»

ነፍስ ይማር አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። ቆጠራውን የት ላይ እንዳቆምኩ ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራዬ ላይ ደርሶብኝ አያውቅም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋ ኖሮ ሲሞት ስሙ «አሸዋ የሞሉት ሰውዬ» ሆኖ ቀረ። ጋሽ ሰይድ ግን በሕይወታቸው አንድም የቡጢ ከረጢት አሸዋ ሞልተው አያውቁም። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዴት እንዳወቅኩ እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቋቸው።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው፣ ጠባዬም ንብረት ክፍል ነው። ሚስቴ «አንተ ከመልአክ እጅ ብትቀበል እንኳ ደረሰኝ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። ቅቤ ስገዛ ስንጥር እስከ ታች ሰድጄ አሸታለሁ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሲያዛጋ ኪሴን እዳብሳለሁ። አባቴ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እኔም ምክሩን ሳላጎድል ወሰድኩ። ቴኳንዶ የገባሁት ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነበር። ቀበቶዬ ከቢጫ ሳያልፍ ማስተር ቶሌራ ጠባዬን አየና የአዳራሹን ቁልፍና የክለቡን ዕቃ በሙሉ አስረከበኝ። ያን ቀን ጥቁር ቀበቶ የታጠቅኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ጋሽ ሰይድን ያወቅኳቸው በዚሁ ሥራ ነው። ሱቃቸው ከዋናው የአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ በብረታ ብረትና በእንጨት ቤቶች መካከል የተሰካች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። የጭነት መኪና ሸራና የሚኒባስ ወንበር ልብስ ይሰፋሉ። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ከቡራዩ እስከ ሰበታ ላሉ የቦክስና የቴኳንዶ ክለቦች ከረጢት ይሠራሉ። የወሎ ሰው ናቸው። ኦሮምኛውን በወሎ ዜማ ያቀላጥፉታል፤ ጎረቤቱ ኦቦ ሰይድ ይላቸዋል፣ ክለቡ ጋሽ ሰይድ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣማ ነበር። ምን ሆነው እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው «የሰው ሥራ አምኜ» አሉኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

መጀመሪያ ለማዘዝ የሄድኩ ቀን፣ ሰላምታዬን ተቀብለው ከፊቴ በፊት እጄን ነው ያዩት።

«ማነው የሚመታው?» አሉ።

«ክለብ ነው ጋሽ ሰይድ።»

«ክለብ እጅ የለውም። ማነው የሚመታው?»

«እኔም እመታለሁ፣ ሌሎቹም ይመታሉ።»

«አንተ ስንት ኪሎ ነህ?»

«ሰባ ሁለት።»

ከማሽኑ ሥር መስታወቷ የተሰነጠቀ ሚዛን በእግራቸው ገፋ አድርገው አወጡ። «አንተ ያልከውን ሰማሁ። እስኪ እሷ የምትለውን ደግሞ እንስማ።»

ወጣሁባት። ሰባ ዘጠኝ አለች። ጋሽ ሰይድ በጥርሳቸው ሳይሆን በዓይናቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ በገዛ ሥጋህ ላይ ሰባት ኪሎ ዋሸህ። ምንድነው ሥራህ?»

«ንብረት ክፍል።»

«አላህ ይድረስላቸው!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ንብረት» ሆነ። ዋናውን ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ገና ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርጥሬአቸዋለሁ። ብዙ የሚጠይቅ ነጋዴ ደስ አይለኝም። ሌላው ሰፊ ኪሎውን ይጠይቅሃል፣ ዋጋውን ይነግርሃል፣ አለቀ። እሳቸው ግን የሚመታው ሰው ቡጢኛ ነው ወይስ በእግሩ ነው የሚመታው፣ ጀማሪ ነው ወይስ የቆየ፣ አዳራሹ ጣሪያው ያፈሳል ወይስ አያፈስም፣ ሁሉን ይጠይቃሉ። ማንንም ደግሞ አያምኑም። ልብስ ሰፊዎች ጋ በማዳበሪያ የሚሰበስቡትን ብጥስጣሽ ጨርቅ ራሳቸው አንድ በአንድ በትነው፣ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት ይዳብሱታል፤ መርፌና ስፒል ይፈልጋሉ። ከሰልባጅ ተራ የሚመጣውን አሮጌ ልብስ ደግሞ ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ቁልፉንና ዚፑን በምላጭ ያወጣሉ። እሳቸው ካወጡ በኋላ ጋሽ ሰይድ እንደገና ይፈትሻሉ። እትዬ ዘሐራ «እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ከኔ ጋር መኖሩ ይገርመኛል» ይሉ ነበር። ማግኔቱ ጨርቁ ላይ ሲርመሰመስ ሳይ ግን በሆዴ ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ። ሰው ራሱን የሚመስል ሰው ሲያገኝ ይበልጥ ነው የሚጠረጥረው።

ስለ መሙያው ያላቸው እውቀት ልክ የለውም። ሰጋቱራ አይወዱም። «የቡራዩን ክረምት አታውቀውም? ሰጋቱራ እርጥበት ጠጥቶ ሐምሌ ላይ ሊጥ ይሆናል፣ ታኅሣሥ ላይ ሸክላ።» አሸዋማ ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይቀያየራል። አሸዋ ከተሞላ በየምቱ ወደ ታች እየወረደ፣ በወሩ ላዩ ባዶ ታቹ ድንጋይ ይሆናል። የሚመታው ልጅ ግን ከውጭ ስለማያየው ትናንት የመታውን ያህል ዛሬም ይመታል። «አሸዋ ቤት ይሠራል እንጂ ሰው አይሠራም» ይላሉ። የእሳቸው ከረጢት መሐሉ በጠባቡ የተቀደደ ጂንስ ነው፤ ዙሪያውን ለስላሳ ጥጥ ነክ ጨርቅ ይከበዋል። እየደረቡ በእንጨት ዘነዘና ይጠቀጥቁታል። ይህን ያወቅኩት በመስማት እንጂ በማየት አይደለም፤ ሲሞሉ ሸራ ይጋርዱ ነበርና። ዘነዘናው ከሸራው ጀርባ ድም ድም ሲል ውጭ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

«ለምንድነው የሚጋርዱት ጋሽ ሰይድ?»

«ለምንድነው የምታየው?»

«ለክለቡ ማወቅ ስላለብኝ።»

«ማወቅ ያለበት የሚመታው ሰው እግር ነው። እሱ ይነግርሃል።»

ሲጨርሱ አፉን በሰም በታሸ ክር፣ እየመለሱ በድርብ ይሰፉታል። ከዚያ ይሰቅሉትና በባዶ እጃቸው ሦስት ጊዜ ይመቱታል። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያች በተጣመመች ጣት! እጃቸውን አገላብጠው አይተው ካልረኩ ፈትተው እንደገና ይሞላሉ። በእኔ ፊት አንዱን ሁለት ጊዜ ሲፈቱት ደርሻለሁ፤ ያዘዘው ሰው ደግሞ ተናዶ ደጅ ላይ ይንጎራደድ ነበር።

ይህን ሁሉ አይቼ እንዴት እንደጠረጠርኳቸው ትሉኝ ይሆናል። ምክንያት ነበረኝ፤ ይኸውም አንድ ቀን በጆሮዬ የሰማሁት ነው። በሰፈሩ ሁለት ፎቅ ሠርተው የሚያከራዩ ኦቦ ድንቁ የሚባሉ ሰው፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ከረጢት ሊያዙ መጡ። «ሃምሳ ኪሎ ይሁን፤ ወንድ ይሁንልኝ» አሉ። ጋሽ ሰይድ እሺ አሉ። ከረጢቱን ሊወስዱ ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርኩ። አንጠልጥዬ ባጃጅ ላይ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። ንብረት ክፍል ነኝና ክንዴ ይመዝናል፤ ከሃያ ኪሎ አይበልጥም።

«ሃምሳ ነው አይደል?» አሉ ኦቦ ድንቁ።

«ሃምሳ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ባጃጁ ሲሄድ ዞሬ አየኋቸው። እሳቸውም ማየቴን አዩ። «ሰው ኪሎ ሲጠራልኝ የምሰማው ኩራቱን ነው» አሉ። «ልጁ አርባ አይሞላም። ሃምሳ ብሰጠው እጁን ይዞ ያለቅሳል። ሃምሳ አይደለም ብል ደግሞ አባትየው ሌላ ቤት ይሄዳል። አብሽር፣ ልጁ ይማርበታል።»

እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ይህ ሰው በኪሎ ይዋሻል፤ መዝገቤ ላይ የሰፈረው ይኸው ብቻ ነበር።

ከዚያ የቦንቱ ነገር መጣ። ቦንቱ የክለባችን ብርቅ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ገፈርሳ መንገድ ላይ ጎመንና ድንች ይሸጣሉ። እግሯ ሲነሳ ዓይን አይከተለውም። ትልቅ የምርጫ ውድድር ነበረባት፤ ካለፈች ቡድን ውስጥ ትገባለች፣ ደሞዝተኛም ትሆናለች። ማስተር ቶሌራ ጉልበቷ እንዲጨምር ለእሷ ብቻ የሚሆን ሃምሳ ኪሎ ከረጢት እንዲሠራ አዘዘ። ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ድረስ መጡና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስትመታ ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ጠሯትና፣

«አካም ጅርታ ልጄ። እስኪ እጄን ምቺኝ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እጅዎትን እሰብረዋለሁ!»

«የተሰበረ ነው፣ አትፍሪ።»

ቀስ አድርጋ መታቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሃምሳ ኪሎ እንግዲህ» አለ ማስተር።

«እሺ» አሉ። እሺ ያሉበት ፍጥነት አላማረኝም።

ከረጢቱ ሲመጣ ማንም ሳያየው ባጃጅ ላይ እንዳለ ወፍጮ ቤት ወሰድኩትና ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሠላሳ አራት። ደስ አለኝ። ልደብቀው አልፈልግም፣ ደስ ነው ያለኝ። ሰው የጠረጠረው ነገር እውነት ሲሆንለት የሚሰማው ደስታ ክፉ ደስታ ነው። በቀጥታ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ያዘዝነው ሃምሳ ነው፤ የመጣው ሠላሳ አራት ነው።»

«መዘንከው?»

«መዘንኩት።»

«ጎሽ። እስከ ዛሬ የመዘነ የለም።» ሥራቸውን አቁመው ሙሉ ፊታቸውን ሰጡኝ። «ልጅቷ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ናት። የግማሿን ያህል፣ ትንሽ ከፍ ይበል። ስትመታው ጆንያው መሄድ አለበት። ጆንያው ካልሄደ አጥንቷ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉ?»

«አይሆንም ብያችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ለሚሞላላችሁ ሰው ትሰጡት ነበራ። ለማስተሩ ሃምሳ ነው በለው። እሷ ታሸንፋለች፤ እሱም ሃምሳ ነው እያለ ያወራል፤ ማን ተጎዳ?»

እኔን ነው ዋሽ የሚሉኝ! ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብዬ ፈርሜ አላውቅም። የነገሩኝ ሁሉ የሌባ ማመካኛ ሆኖ ተሰማኝ፤ ግማሽ፣ ከፍ፣ ይሄዳል፣ አይሄድም። ለማስተር ልናገር አስቤ ነበር፤ ግን ማስተር ይወዳቸዋል፣ «እሳቸው ካሉ ልክ ነው» ሊለኝ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ራሴ እሞላለሁ አልኩ።

ቡራዩ አሸዋ የሌለበት ደጅ የለም፤ ሁሉም እየገነባ ነው። እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ ከጎረቤት ግንባታ ለምኜ ያመጣሁትን አሥራ ስድስት ኪሎ አሸዋ በድርብ ፌስታል ቋጠርኩ። የጋሽ ሰይድን ስፌት በምላጭ ፈታሁ። ጨርቁን በክንዴ ከፍዬ አሸዋውን መሐል ላይ ቀበርኩና አፉን በሲባጎ መልሼ ሰፋሁት። ሲባጎው ጣቴን ቆራረጠኝ። ወፍጮ ቤት መልሼ ስወስደው መርፌዋ ሃምሳ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ነበር። እንደገባኝ፣ ፌስታሉ ተቀዶ አሸዋው ቀስ በቀስ ወርዶ ታች ተጋግሯል፤ ልክ የቦንቱ እግር የሚያርፍበት ቦታ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሙሉ ኃይሏ መታችው። አልጮኸችም። ቁጭ ብላ እግሯን በሁለት እጇ ያዘችና «ማስተር፣ ና እስኪ» አለች፤ ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆነብኝ። ክሊኒክ ሄዳ ራጅ ስትነሳ የእግሯ ጀርባ አጥንት ተሰንጥቋል። ጄሶ ታሰረላት። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ማስተር ከረጢቱን አውርዶ ታቹን በቢላዋ ቀደደው። አሸዋው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። እኔ ነኝ አላልኩም።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ተጠሩ። ወላጆች መጥተው ነበር፣ ኦቦ ድንቁም መጥተዋል። ጋሽ ሰይድ ገብተው አሸዋውን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ጎንበስ ብለው የከረጢቱን አፍ አነሱ፤ ስፌቱን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

«ይሄ ስፌት የኔ አይደለም» አሉ።

«ማን ሊሰፋው ነው ታዲያ?» አሉ ኦቦ ድንቁ። «ለኔ ልጅ ሃምሳ ነው ብለው ሃያ ኪሎ ሰጥተውኝ የለ? አስመዘንኩት እኮ! በኪሎ የዋሸ በአሸዋ አይዋሽም?»

«ኪሎ ዋሽቻለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ። ያን ጊዜ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። «አሸዋ አልሞላሁም።»

ሰው ተንጫጫ። ማስተር እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። «አዳራሹ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ያለው እሱ ጋ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንድ መርፌ አይጠፋበትም። አንተ፣ ከረጢቱን ከፍተኸዋል እንዴ?»

ሁሉም አዩኝ። ቦንቱ ጄሶዋን ወንበር ላይ ዘርግታ አየችኝ። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አዩኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«እኔ? አልከፈትኩም» አልኩ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል ነው። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይዋሻል ካላችሁኝ፣ በጣም ቀላል ነው፤ የሚታመን ሰው መሆን ብቻ ይበቃል።

ጋሽ ሰይድ ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ሲወጡ በሩ ላይ አጠገቤ ቆሙና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ንብረት፣ አንተን ጠርጥሬያለሁ» አሉኝ። «ግን ሲሰፋ አላየሁህም። ያላየሁትን በሰው ፊት አልናገርም።» ሄዱ። ማንንም የማያምኑት ሰው፣ በጥርጣሬ ብቻ በሰው ላይ አላስፈረዱም። እኔ ደግሞ በጥርጣሬ ብቻ ምን እንደሠራሁ አይታችኋል።

ቡራዩ ወሬ አያድርባትም። ክለቦቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ሰበታ ያለው የቦክስ ክለብ ያዘዘውን ሳይወስድ ተወው። ልጆቹ በሱቃቸው ሲያልፉ «አሸዋ!» ብለው ይሮጡ ነበር አሉ። የሚኒባስ ወንበር እንኳ የሚያሰፋ ጠፋ፤ ውስጡ ምን እንደሚከቱ ማን ያውቃል ተባለ። ክረምቱ ሲያልፍ ሱቁን ዘግተው ሱሉልታ ልጃቸው ጋ ሄዱ።

እኔ ሦስት ጊዜ ልናገር ተነስቼ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እንቅልፌ ሄደ፤ ሚስቴ ደረሰኝ ጠፍቶብኝ መሰላት። በመጨረሻ በአንድ በዓል ቀን አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዤ ሱሉልታ ወረድኩ። አጥር ሥር፣ ከነፋሱ ተከልለው የጭነት መኪና ሸራ ሲጥፉ አገኘኋቸው። በጣም ከስተዋል። ብርቱካኑን እንኳ ሳላስቀምጥ፣

«ጋሽ ሰይድ፣ አሸዋውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

መርፌያቸውን ሸራው ላይ ሰኩ። «ስንት ኪሎ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ሃምሳ ሞላ?»

«ሞላ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነና ረጅም ጊዜ ሳሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

«ተው። ለኔ መንገርህ ምን ይሠራልኛል? እኔ አሸዋ ሞልቼ ይሆን ብዬ ራሴን የጠረጠርኩበት ቀን አለ? አስቀድሞ የጠረጠረህን ሰው አስረዳለሁ ብለህ ነው እስከዚህ የመጣኸው? ለነሱ ንገር። ለልጅቷ ንገር።»

«እነግራቸዋለሁ። በዚህ ሳምንት እነግራቸዋለሁ።»

ሚዛን ላይ ያወጡኝ ቀን ባዩኝ ዓይን አዩኝ። አላመኑኝም። ልክ ነበሩ።

በዚያ ሳምንት አልተናገርኩም። ማስተር ቁልፉን ቢቀማኝስ አልኩ። የቦንቱ እናት ቢከሱኝስ አልኩ። ቦንቱ እግሯ ድኖ ታዳጊዎችን ማሠልጠን ጀምራለች፤ የተረሳ ነገር ለምን እቀሰቅሳለሁ አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ግን ነቅዟል፤ ሽታውን እኔ አውቀው ነበር። ያን የሽማግሌ ፊት እያሰብኩ፣ ነገ፣ ቅዳሜ፣ ከጾሙ በኋላ እያልኩ ስምንት ወር አሳለፍኩ። ከዚያ ነው ማስተር የደወለልኝ።

ለቅሶ ሱሉልታ ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ «እንኳን መጣህ ንብረት፤ ያነሳህ ነበር» አሉኝ። ምን ብለው እንደሚያነሱኝ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ከቡራዩ ክለብ ሌላ የመጣ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ልምምዱ ሲያልቅ ሰው ሳይበተን መሐል ገብቼ ቆምኩና ተናገርኩ። ወፍጮ ቤቱን፣ ፌስታሉን፣ ሲባጎውን፣ አሥራ ስድስት ኪሎውን፣ «አልከፈትኩም» ያልኩትን፣ ሁሉንም። ማስተር ቶሌራ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ዱጋዳ?» አለ በኦሮምኛ፤ እውነት ነው? «እውነት ነው» አልኩት። እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ሰጠሁት።

ከዚያ ወደ ቦንቱ ዞርኩ። ስለ እግሯ የምትለኝን ሁሉ፣ ስለ ውድድሩ፣ ስላለፈባት ቡድን የምትለኝን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። ስድብም ቢሆን፣ ጥፊም ቢሆን ይገባኛል ብዬ ነበር የቆምኩት። እሷ ግን እኔን አላየችኝም። ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ ነበር የምታየው፤ ዓይኗ ሞልቷል።

«ሱቃቸው ሳይዘጋ በየቀኑ ነበር የማልፍበት» አለች። «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ እግርሽ እንዴት ነው ይሉኛል። ስንት ቀን ፊቴን አዙሬ እንዳለፍኳቸው ታውቃለህ?»